የሰባት ሳምንት ቀኖና

ባሌ እሸቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማ አላደረገም። አጥቶ አይደለም፤ እርሻው በየዓመቱ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ይሰጠዋል፣ እሱም ፈርሞ ይቀበልና አልጋ ሥር ይወሽቀዋል። ሥራው መልካ ወረር አጠገብ ባለው የመንግሥት ጥጥ እርሻ ውሃ መክፈትና መዝጋት ነው። ከዋናው ቦይ ወደ ማሳው ውሃ ይለቃል፣ ማሳው ሲጠጣ ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነው። ከጭቃው ሲወጣ እሾህ፣ እሾሁን ሲያልፍ ፀሐይ ያጋለው መሬት። በአፋር በረሃ በባዶ እግር ገበሬ ሆኖ መኖር ይቻላል የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ እኔ አግብቼው አይቻለሁ።

"ቀኖና ነው" ይለኛል ስጠይቀው።

"የምን ቀኖና?"

"የእኔና የነፍስ አባቴ ጉዳይ ነው።"

አበቃ። ከዚያ በኋላ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ሦስት ቀን ባኮርፈው አንዲት ቃል አይጨምርም። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲደርቅ እንደ እሱ የሚደርቅ የለም።

እኔ ደግሞ የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጣቢ። የትራክተር ነጂውንም፣ የጥጥ ለቃሚዋንም፣ ልጆቹ በግመል ጭነው ያመጡትን የአፋር ሽማግሌም አጥቤ ፋሻ አስሬ ሰድጃለሁ። የአገሩን ሁሉ ቁስል ሳጥብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በ1973 ሰኔ ላይ ባሌን ውስጥ እግሩን አንድ ረጅም እሾህ ሲወጋው ግን፣ "እጅሽን እንዳታስጠጊ" ተባልኩ።

በጨርቅ ጠምጥሞት ሥራ ገባ። እግሩ አበጠ። ሐምሌ ሲገባ መሸተት ጀመረ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ስንት ሰው ከነሽታው መጥቶብኝ ከእግሩ ቀንሶ ተመልሷል። በሳምንት አንድ ቀን የሚጎበኘንን የጤና መኮንን በግድ ቤት ድረስ አመጣሁት። ጨርቁን ሳይፈታ ገና ከበሩ ፊቱን አጠቆረ። አየውና ወደ ውጭ ጠራኝ።

"ውብነሽ፣ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። በሦስት አራት ቀን ውስጥ ተከፍቶ ካልጸዳ እግሩ ይቆረጣል። ያ ካለፈ ደግሞ እሱም የለም።"

ገብቼ ቃል በቃል ነገርኩት። እሸቴ ጣሪያውን እያየ፣ "የእግዚአብሔር ተግሣጽ ነው" አለ። "የሚገሥጸኝ እሱ ከሆነ እጁን ልያዘው? እስኪበቃው እቀበላለሁ።"

እኔ ታጋሽ ሴት አይደለሁም። አፌ ያመጣውን ሁሉ አወረድኩበት። እግዚአብሔር ያንተን እግር ከማሽተት ሌላ ሥራ የለውም ወይ እስከማለት ደረስኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ዕንባው በጉንጩ ወረደ። ያኔ ፈራሁ። ሊሞት መሆኑን እሱ ከእኔ በፊት ተቀብሎታል።

ምናልባት ስለፈራሁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ግማሹን ነገረኝ። በ1970 አንድ ኃጢአት ሠርቶ ቢሰጥ ለሚባሉ ቄስ ይናዘዛል። ቄስ ቢሰጥ አዋሽ የሚያገለግሉ፣ እኔም ከቅዳሴ የማውቃቸው የነፍስ አባቱ ነበሩ። "ሰባት ሳምንት ጫማ ሳታደርግ ሥራህን ሥራ፤ ስትጨርስ ና፣ እፈታሃለሁ" ይሉታል። በአራተኛው ሳምንት ካድሬዎች ቄሱን ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

"ታዲያ ሰባቱ ሳምንት ካለፈ እኮ ሦስት ዓመት ሆነው!"

"አልተፈታሁማ።"

"ሌላ ቄስ ይፍታህ! ቄስ ጠፋ?"

"ያሰረኝ ሳይፈታኝ? እንዴት ይሆናል ውቤ? አየሽ፣ ለዚህ ነው እግሬ የቆሰለው። ገና አልተማርኩም ማለት ነው።"

ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም መሆኑ ገባኝ። የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ካለበት ይምጣ አልኩ። ጎረቤቴን ውሃና አጥሚት እንድታቀምሰው ለምኜ በማለዳ በእርሻው መኪና አዋሽ ከተማ ሄድኩ።

አዋሽ ሀጂራ አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት፤ ጭነት መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። እጇን ዘይት አቃጥሏት ካከምኳት ጀምሮ እንደ እህት ነን። ነገሩን ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ሱብሃነላህ! በሽታ የነፍስን ወንጀል ያራግፋል፣ እሱን እኛም እንላለን። ግን አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አውርዷል እኮ። ሰበቡን ማድረስ የሰው ነው። ታመሃል፣ አትታከም ያለው የትኛው ሃይማኖት ነው?"

"እሱን ሂጂና ለእሸቴ ንገሪው።"

"የእኔን ነገር ይሰማል? የቄሱን እንጂ!" አለችና ጓዳ ተኝቶ የነበረውን ወንድሟን ጣሃን ጠራችው። ጣሃ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ሬንጅ በበርሜል እየጫነ ሰመራ ያደርሳል። የቄሱን ስም ስነግረው ራሱን አከከ።

"እትዬ ውብነሽ፣ ስማቸውን አላውቅም። ሰመራ መጋዘኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ ግን ቄስ ነበሩ ይባላል። እስር ቤት ቆይተው ነው የመጡት። አዋሽን ያውቃሉ፤ በሄድኩ ቁጥር የዚህን አገር ሰው ደህንነት ይጠይቁኛል።"

"መቼ ነው የምትሄደው?"

"አሁን።"

ነጠላዬን አጥብቄ ከጎኑ ወጣሁ። ሀጂራ በፌስታል ዳቦ አቀበለችኝና "አብሽሪ" አለችኝ፤ መኪናው ተነስቶም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትለምን አየኋት። ገዋኔን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ሎጊያ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወገቤ የእኔ አልነበረም።

ሰመራ ያኔ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አይደለችም። በአሰብ መንገድ ዳር ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የሽቦ አጥር፣ የሬንጅ በርሜል ክምር፣ በቃ ይኸው ነው። ከአጥሩ በር ላይ ካኪ ኮት የለበሱ፣ ፊሽካ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ጢማቸውን አይቼ አወቅኋቸው።

"ቄስ ቢሰጥ!"

በዚያ ስም የጠራቸው ሰው ከጠፋ ዘመን ሆኖት ኖሮ መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ የእንጨት መስቀል አወጡና አሳለሙኝ።

"የእሸቴ ሚስት ነኝ፤ ከመልካ ወረር።"

"እሸቴ... እሸቴ..." አላወቁትም። ከዚያ የነፍስ አባት ሰውን በክርስትና ስሙ እንደሚያውቅ ትዝ አለኝ።

"ገብረ ሚካኤል! ውሃ ከፋቹ!"

"ገብረ ሚካኤል!" ፊታቸው በራ። "ደህና ነው? ልጆች ወለዳችሁ?"

"በባዶ እግሩ ነው አባቴ። እስከ ዛሬ።"

የበራው ፊት ሲጠፋ አየሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሾሁን፣ ሽታውን፣ የጤና መኮንኑን ቃል። ከአንዱ በርሜል ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰባት ሳምንት ነው ያልኩት" አሉ ለራሳቸው። "ሰባት ሳምንት። እስር ቤት ሆኜ እኮ ቀኑን ቆጥሬ ፈትቼዋለሁ። ሁሉንም የንስሐ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራሁ ፈትቻቸዋለሁ። ግን እንዴት ይስማ? በግድግዳ ውስጥ!" ከዚያ ቀና ብለው፣ "እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ እግዚአብሔር ቀጥቶኝ፣ ከአገልግሎት አውጥቶ ለበርሜል ዘበኛ አደረገኝ እል ነበር" አሉ።

"እንግዲያው ይምጡና በአፍዎ ይንገሩት። ከእኔ አይሰማም።"

በየሐሙሱ ፖሊስ ዘንድ ቀርበው እንደሚፈርሙ፣ ያለ ፈቃድ ከሰመራ መውጣት እንደማይችሉ፣ ፈቃዱም ቢገኝ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ከዚያ ልቤን የሚያደማ ነገር ጨመሩ። "ደግሞ ልጄ፣ ሕመም ተግሣጽ ሊሆን ይችላል። አይደለም ብዬ ልዋሸው አልችልም።"

ሳላስበው ጮህኩባቸው። ቄስ ላይ መጮኼ ነው።

"እኔ መጽሐፍ አልተማርኩም፤ ቁስል ማጠብ ግን አውቃለሁ! ቁስል ሳጥብ እፍቃለሁ። ያማል። ሕመምተኛው ይረግመኛል፣ እናቴን ይሰድባል፣ አልተወውም። ንጹሕ ደም ብቅ ሲል ግን እጄን አነሳለሁ። ከዚያ አልፌ አንድ ጊዜ ብፍቅ ማከም አይደለም፣ ጭካኔ ነው። እኔ ውብነሽ፣ ለራሴ የማልረባ ሴት፣ መቼ እንደማቆም አውቃለሁ። እግዚአብሔር አያውቅም?"

ቄስ ቢሰጥ ከበርሜሉ ተነሱና ወደ ጣሃ ዞሩ። ጣሃ በርሜሎቹን እያስወረደ ነበር።

"ልጄ፣ መቼ ነው የምትመለሰው?"

"ጎህ ሲቀድ፣ አባቴ።"

"ረዳት አለህ?"

ጣሃ አየኝ፣ እኔ አየሁት። ረዳቱ ሰው ሞቶበት ወሎ ከሄደ ሳምንቱ ነው፤ ረቡዕ ደግሞ ለሐሙሱ ፊርማ የሚያደርሳቸው ሌላ ጭነት አለው።

በማግሥቱ ቄስ ቢሰጥ የጣሃን ግራሶ የጠገበ ኮፍያ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ እጃቸውን ሬንጅ ቀብተው መሐላችን ተቀመጡ። ሚሌ ኬላ ላይ አንድ ወታደር መኪናውን አስቆመ። የጣሃን ወረቀት አየ፣ የእኔን የእርሻ መታወቂያ አየ፣ ከዚያ አንገቱን አስገብቶ ሽማግሌውን አፈጠጠባቸው።

"ረዳቴ ነው" አለ ጣሃ።

"አንተን አልጠየቅሁም። አባባ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስንት ጊዜ ሠሩ?"

ቄስ ቢሰጥን አውቃቸዋለሁ፤ አዋሽ ሳሉ የገበያ ሚዛን እንኳ ሲዛነፍ መንገድ ላይ ቆመው የሚቆጡ ሰው ናቸው።

"አራት ዓመት" አሉ። "ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ከወንድሙ ጋር ነበርኩ።"

ወታደሩ እጁን አወዛወዘና አለፍን። ገዋኔ ስንደርስ ኮፍያውን አወለቁና፣ "ያልተጠየቅሁትን ኮምቦልቻን ምን ብዬ ጨመርኩ?" አሉ። ጣሃ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ተከተልኩት፣ እሳቸውም መጨረሻ ላይ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ለሰው ነፍስ ብላችሁ ነው ቄሴ" አላቸው ጣሃ። "አላህ መሐሪ ነው።"

"መሐሪ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አየህ፣ ለሌላው ስናገረው የኖርኩትን ለራሴ ሲሆን ገና ዛሬ ሰማሁት።"

እርሻው ስንደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ ገደማ ነው። ገና በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለን። እሸቴ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ተኝቷል። ቄሱን ሲያይ ግን ያ ሁሉ ትኩሳት ባለበት ሰውነት ተነስቶ ሊሰግድ ከአልጋው ወረደ። ቄስ ቢሰጥ ትከሻውን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከእግሩ ሥር፣ ከዚያ ከሚሸት ጨርቅ አጠገብ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

"ማረኝ ልጄ።"

"አባቴ! ምን እያደረጉ ነው? ውቤ፣ አንሻቸው!" እሸቴ ጮኸ።

"ሰባት ሳምንት ብዬ ሦስት ዓመት ያሸከምኩህ እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ሳስርህ፣ ብሞት፣ ብታሰር ብዬ መፍቻውን አብሬ አልሰጠሁህም። የእኔን ስሕተት የእግዚአብሔር በትር አድርገህ ተሸከምከው። ተግሣጽ ትምህርት ነው፤ አስተማሪ ደግሞ ተማሪው ከገባው ወደ ቤትህ ሂድ ይለዋል። አንተ የሚያሰናብትህ ሰው ጠፍቶ ተማሪ ቤት ቀረህ እንጂ፣ እሱ አልያዘህም።"

"ታዲያ እግሬ ለምን..."

"እሾህ ወጋህ፣ ገብረ ሚካኤል። ጫማ ያላደረገን ሰው እሾህ ይወጋዋል።"

እሸቴ ይህን ለማመን ሲታገል ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሦስት ዓመት የኖረበትን ቤት አፍርስ እንደማለት ነው። "የሠራሁት ኃጢአት ቀላል አይደለም" አለ በመጨረሻ። "እርስዎ ያውቁታል።"

ቄስ ቢሰጥ ከመሬት ተነሱና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ዛሬ ጠዋት ሚሌ ላይ ወታደር ጠየቀኝ። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ።"

"እርስዎ?"

"እኔ። ለሰው ሕይወት ብዬ። ተጸጽቻለሁ፣ ንስሐዬንም ከነፍስ አባቴ እቀበላለሁ። ግን እግዚአብሔር ለዚህ እግሬን ይቆርጣል ብዬ አላስብም። ስለ እኔ እንዲያ ካላሰብኩ፣ ስለ አንተ ላስብ ነው?"

መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉና ፈቱት። ድምፃቸው የመጋዘን ዘበኛ ድምፅ አልነበረም፤ አዋሽ ሳሉ የማውቀው፣ ግቢውን የሚሞላው ድምፅ ነበር። እሸቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲጨርስ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

"ዕቃሽን አምጪ።"

ሮጬ ክሊኒክ ሄጄ፣ ሮጬ ተመለስኩ። ውሃው እየፈላ ሳለ እጄን ያዘኝ። "መጀመሪያ ልንገርሽ" አለ። ቄስ ቢሰጥ ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወጡ።

"በ1970 የነበረውን የእርሻውን ስብሰባ ታስታውሻለሽ? አንቺ አዋሽ ሄደሽ መድኃኒት ስታመጪ የነበርሽ ቀን ነው። ከክሊኒኩ ፋሻና መድኃኒት ወጥቶ ለቆሰለ ፀረ አብዮት ተሰጥቷል አሉ። ሁለት ሰው አንቺን ጠርቶ በጥጥ መጋዘኑ በኩል አይተናታል ብሎ ነበር። ካድሬው እኔን አስነሳኝ። ሚስትህ በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስትወጣ የት ትሄድ ነበር አለኝ። ቅዱስ ሚካኤልን፣ ከቤት አልወጣችም፣ ታማ አጠገቧ ነበርኩ አልኩት። በስሙ በተጠራሁበት መልአክ ሦስት ጊዜ ምዬ ዋሸሁ ውቤ። አመኑኝና ነገሩን ተዉት።"

እውነት ነው፤ የቆሰለ ልጅ ነበረ። ጭኑን በጥይት የተመታ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ተማሪ፣ ጥጥ መጋዘኑ ኋላ ተደብቆ። አራት ቀን አጥቤዋለሁ። በአምስተኛው ቀን የአፋር ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ በእግሩ ቆሞ ነው የሄደው። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም ያልነገርኩት ስለማላምነው አልነበረም። እሸቴ መዋሸት አይችልም፣ ቢጠይቁት ያወጣዋል ብዬ ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"እነዚያን ቀናት አምሽተሽ ስትገቢ ትኩሱ የአዮዲን ሽታ አይሸተኝም?"

"ለእኔ ነው እንዴ ሦስት ዓመት..." ስጮህበት የኖርኩትን፣ ያኮረፍኩትን፣ በሰው ፊት ሞኝ ያልኩትን ሁሉ አሰብኩ። እግሩን ከነጨርቁ አቅፌ ሳምኩት። ሽታው ምን ይሁን ምን ግድ አልነበረኝም።

"ልጁ ዳነ?" አለኝ።

"ዳነ። በእግሩ ሄደ።"

ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እንግዲያው እኔንም አድኚኝ" አለ።

ጨርቁን ፈታሁ። ምላጩን አነሳሁና ያበጠውን ከፈትኩት። መግሉ ወጣ፤ ውስጥ ለውስጥ የተሰበረውን የእሾህ ጫፍ ለቅሜ አወጣሁ፤ ከዚያ መፋቅ ጀመርኩ። ቁስሉ ሥር ስደርስ እሸቴ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ሰውዬ ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሾህ ሲወጋው፣ እግሩ ሲነድ፣ በትኩሳት ሲቃጠል አንድ ቀን እህ ያላለ ሰው ነው። ተግሣጽን የሚቀበል ሰው አይጮህም ብሎ ነዋ የዋጠው።

"ገደልሽኝ! ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ! ቄሱን ጥሩልኝ፣ ከዚህች ገላግሉኝ!"

"ጩህ!" አልኩት እያለቀስኩ። "ጩህ የኔ ጌታ፣ ጩህ!"

ንጹሕ ደም ሲመጣ እጄን አነሳሁ። ውጭ ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቧል። ሴቶቹ ሞተ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጣሃ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። ቄስ ቢሰጥ ከመሐላቸው ቆመው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ደም በነካው እጄ በሩን ከፍቼ ወጣሁና እልልታዬን አቀለጥኩት። ግራ ገባቸው። ከውስጥ እሸቴ፣ "ውብነሽ! ጥለሽኝ የት ሄድሽ? አመመኝ እኮ!" ብሎ ሲጣራ ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን መልሰው እልልታውን ተቀበሉኝ።